ከመቆፈራችሁ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣

ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ለአያቶችሽ ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ገንዘብ እያሰባሰባችሁ መሆኑን ሰማሁ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችም ቃል እንደገቡላችሁ አባትሽ ነግሮኛል። እግዚአብሔር ሐሳባችሁን ከፍጻሜ ያድርስላችሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን በገጠር ውሃ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ መርቄሽ ብቻ ዝም ብል የማውቀውን እንደነፈግሁሽ እቆጥረዋለሁ። የምልሽ ብዙ ነው፤ የሁሉም ሥር ግን አንድ ነው። ውሃን ማውጣት ከሥራው ትንሹ ነው፤ ትልቁ የወጣው ውሃ እንዳይቆም ማድረግ ነው። የወጣት ጉልበትና ዕውቀት አጥብቆ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ወጣቱን የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለምረቃው ቀን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የቆመውን ፈልጉ። በቀበሌው ውስጥ ከዚህ በፊት የተሠራ ምንጭ ወይም ቦኖ ወይም የእጅ ፓምፕ አይጠፋም። የእጅ ፓምፕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው። ይህ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማላዊና በኬንያ እየተሞከረ የተሠራ ነው፤ የተሠራውም የመንደር ሰው የከተማ መካኒክ ሳይጠብቅ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ዋናው ሥራ በአንድ ቁልፍ ይፈታል። ፒስተኑን ለማውጣት የጉድጓዱን ቧንቧ በሙሉ መንቀል አያስፈልግም። እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ውሃ ይስባል። የሚያልቁበት ነገሮች ትንንሾች ናቸው፦ ዩ-ሲል የሚባለው ጎማ፣ ቦቢኑ፣ ኦ-ሪንጉ፣ እጀታው የሚዞርባቸው ቡሾች። ሕመሙም አስቀድሞ ይታወቃል። ድሮ በሁለት በሦስት ምት ይወጣ የነበረው ውሃ አሥር፣ ሃያ ምት ይጠይቃል፤ እጀታው ይወዛወዛል፤ ይንቋቋል። በዚያን ጊዜ ጎማው ቢቀየር ነገሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሳይቀየር ሲቀር ሰው በግድ እየደበደበ ይቀዳበታል፣ ዘንጉ ይሰበራል፣ መንደሩም ወደ ወንዙ ይመለሳል።

ለምን አልተቀየረም ብለሽ ጠይቂ። መልሱን እዚያው ቦታው ላይ ታገኚዋለሽ። መለዋወጫው የሚሸጠው ራቅ ያለ ከተማ ነው። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ቤት ነው፣ እሱም ቀዬውን ከለቀቀ ቆይቷል። ሥልጠና የወሰደው ልጅ ሥራ ፍለጋ ዓረብ አገር ሄዷል። ኮሚቴው ከተመረጠ ወዲህ ተሰብስቦ አያውቅም፤ የተዋጣው ገንዘብ ምን ላይ እንዳለም የሚናገር የለም። ይህን ሳታስተካክሉ አጠገቡ አዲስ ብታስቆፍሩ፣ አዲሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከአሮጌው ጎን ይቆማል። እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን የጉድጓዱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ርቆ ሊሆን ይችላል፣ ጉድጓዱ በደለል ተሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ የብረት ቧንቧው በውሃው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። እሱን ባለሙያ አስፈትሹ። ግን ሳይፈተሽ ተስፋ የተቆረጠበት ፓምፕ በአገራችን እጅግ ብዙ ነው፤ ይህ በሕይወቴ ካዘንኩባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ወደ ወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት መሄዳችሁ ግድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ውሃ የሚቀዱትን አነጋግሩ። ሽማግሌዎች በዛፍ ሥር ተቀምጠው ውሃ ቸግሮናል ቢሏችሁ እውነታቸውን ነው። የትኛው ውሃ ለምን እንደሚቀዳና ለምን እንደሚተው የሚያውቁት ግን ጀሪካኑን በጀርባቸው የሚያዝሉት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ደህና ውሃ የሚሰጥ ፓምፕ እያለ ሴቶቹ አልፈውት ወደ ምንጭ ሲወርዱ አይቻለሁ። ባለሙያዎቹ የልማድ ነገር ነው ብለው አለፉት። ሴቶቹ ሲጠየቁ ምክንያታቸው ጥርት ያለ ነበር። ውሃው ብረት ስላለበት ሻዩን ያጠቁረዋል፣ ነጠላውን ያዝገዋል። ሌላም ቦታ ውሃው ከባድ ስለሆነ ባቄላውና ምስሩ ቢቀቀል አይበስልም፣ ማገዶ ይፈጃል፣ ሳሙና አረፋ አያወጣም። ማገዶውንም የምትለቅመው ያችው ሴት ናት። ይህ ሁሉ በፕሮጀክት ወረቀት ላይ አይጻፍም። አንቺ ሴት ስለሆንሽ ከወንድሞችሽ ይልቅ ይነግሩሻል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለሌላ አትስጪው፣ አንቺው ያዢው። ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ወረፋ ላይ ማን ከማን እንደሚጣላ፣ የትኛዋ ልጅ በውሃ ምክንያት ትምህርት ቤት እንደምታረፍድ ጠይቂ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ እንደሚመዝን ለመረዳትም አንድ ጠዋት አብረሻቸው ቅጂ።

ቀጥሎ ለኩ። ወጣት ሆኖ፣ ኪሱ ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ ይዞ፣ የምንጭ ውሃ ሳይለካ የሚከራከር ሰው ሳይ ይቆጨኛል። አለካኩ ቀላል ነው። የምንጩን ውሃ በሙሉ ወደ አንድ ቦይ ሰብስባችሁ ሃያ ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ተመልከቱ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ያዙ። ለምሳሌ በ80 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ሩብ ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በሰዓት 900 ሊትር፣ በቀንና ሌሊት 21,600 ሊትር ይሆናል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተያዘው ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ያውም ከ1 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ ነው። ስለዚህ ይህች ከዓይን የማትገባ ምንጭ ከ860 ሰው በላይ ታጠጣለች። ነገር ግን ሌሊት ማንም አይቀዳም። ከምሽት እስከ ንጋት ባለው አሥር ሰዓት ብቻ 9,000 ሊትር ወደ ሸለቆ ይፈሳል፤ ጠዋት ደግሞ ወረፋ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚያስፈልገው አዲስ ጉድጓድ ሳይሆን የሌሊቱን ውሃ የሚያጠራቅም ጋን ነው። ይህን ለማወቅ የተጠየቀው አንድ ጀሪካንና አንድ ስልክ ነው።

የምትለኩበትን ወር ግን ጠብቁ። በመስከረምና በጥቅምት ምንጭ ሁሉ ያምራል። በዚያ ወር በተለካ ውሃ ላይ ተመሥርቶ የተዘረጋ ቧንቧ በግንቦት ባዶ አየር ሲተነፍስ ይገኛል። በደጋው አገራችን የምንጭ እውነተኛ አቅም የሚታወቀው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ያን ጊዜ ሂዱ። አረጋውያንም ጠይቁ፤ በክፉ ዘመን ሳይቀር ያልደረቀው ምንጭ የትኛው እንደሆነ በቃል የሚነግራችሁ ሰው በየጎጡ አለ።

ምንጭ ለማጎልበት ከወሰናችሁ አንድ ነገር አደራ። የምንጩን ዓይን አታፍኑት። ግንበኛው ውሃውን ከፍ አድርጎ ለማቆም ሲል ከዓይኑ በላይ ያጠራቅመዋል፤ ውሃው ግፊት ሲበዛበት በድንጋዩ ስንጥቅ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ተመልሶ አይመጣም። የማስተንፈሻው ቧንቧ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከላይ በኩል ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፣ ዙሪያው ይታጠር፣ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ወደ ታች ራቅ ብሎ ይሠራ። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ በ30 ሜትር ይራቅ፣ ከምንጩም በላይ በኩል አይሁን። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ፤ የተተከለም ካለ ባለቤቱን በሽማግሌ አነጋግሩ።

ከዚያ ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ። ምንጩ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ላዩ የተራቆተ ከሆነ ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ ያልፋል እንጂ አይሰርግም። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው ቀበሌ ሰዎች ድርቅ የመታውን ቀዬአቸውን በእርከን፣ በክትርና ቦታ ከልሎ ከግጦሽ በመጠበቅ እንዲያገግም አድርገው፣ የጉድጓዶቻቸው ውሃ ወደ ላይ ቀርቦላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳቶር ሽልማት ሰጥቷቸዋል። የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ተቃራኒውን አሳይቶናል። ሐረር ከተማ ትጠጣበት የነበረ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለ ጫትና አትክልት በሞተር ጠጣው፣ ከተሞች ሳቡት፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች ደለል ወረደበት፤ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ውስጥ ደረቀ። እያንዳንዱ ሰው የወሰደው ጥቂት ነበር። ማንም ግን ድምሩን አልያዘም። ወጣት የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ነው፤ በየወሩ የውሃውን ከፍታ ለክቶ በደብተር የሚይዝ፣ ሲቀንስም ሕዝቡ ፊት ቆሞ የሚናገር።

ስለ ጥራት ባጭሩ ልንገርሽ። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹህ አይደለም። ጓደኞችሽ ወደፊት ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ወደ መቂ፣ ዝዋይና ወንጂ አካባቢ ለመሥራት ቢያስቡ ፍሎራይድ የሚባለውን ነገር ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በዚያ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ያጠነክረዋል። አይሸትም፣ በጣዕምም አይታወቅም። ስለዚህ የትም ቢሆን ውሃው በላቦራቶሪ ሳይመረመር ሕዝብ እንዲጠጣ አታድርጉ። ፓምፕ ከተጠገነም በኋላ ጉድጓዱ በክሎሪን ይታከም።

አሁን የምለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቢው፣ ለወንድሞችሽም አስነብቢ። ማንም ሰው ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን አይግባ። አሮጌ ጉድጓድ ታች አየር ላይኖረው ይችላል። ሰው ገብቶ ሲዝለፈለፍ ወንድሙ ለማውጣት ይወርዳል፣ ጎረቤቱ ይከተላል፣ በአንድ ቀን ከአንድ ቤት ሁለትና ሦስት አስከሬን ይወጣል። ይህ በአገራችን በየጊዜው የሚሰማ ሐዘን ነው። ውሃ ለማውጣት ብላችሁ ሞተር ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ አታስነሱ፤ ጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ ሳይታወቅ ይገድላል። የጉድጓድ ጽዳት የሠለጠነ ሰው፣ ገመድ፣ ከላይ የሚስቡ ሰዎችና የአየር ማስገቢያ ይጠይቃል። እነዚህ ከሌሉ ሥራው ይቅር። ጀግንነታችሁን በሌላ ነገር አሳዩ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ የውሃ ሥራ የሚሞተው ከቴክኒክ ይልቅ በዚህ ነው። ውሃ የእግዚአብሔር ነው፣ አይሸጥም የሚል ሰው ታገኛላችሁ። አክብራችሁ መልሱለት፦ ውሃው የእግዚአብሔር ነው፣ ጎማውና ቧንቧው ግን በብር ይገዛል። ለምሳሌ 80 አባወራ በወር አሥር አሥር ብር ቢያዋጣ በዓመት 9,600 ብር ይሆናል። የዛሬው ዋጋ ስንት መሆን እንዳለበት እናንተ አትወስኑ፤ መለዋወጫ ስንት እንደሚሸጥ ጠይቃችሁ አምጡላቸው፣ እነሱ ተሰብስበው ይወስኑ። መክፈል የማይችለው ማን እንደሆነም ራሳቸው ያውቃሉ፤ በአደባባይ ስሙ ተነሥቶ ከመዋጮው ነጻ ይደረግ። ገንዘቡ በሰው ቤት አይቀመጥ። ከአንድ ሰው በላይ ፈርሞ በሚያወጣው የባንክ ወይም የብድርና ቁጠባ ሒሳብ ይግባ። ገንዘብ ያዧ ሴት ትሁን፤ ውሃ ሲቋረጥ ቀድማ የምትጎዳው እሷ ስለሆነች ቀድማ ትጮኻለች። አበው ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይላሉ። የእናንተ ድርሻ ደብተሩን አስተካክሎ ማስጀመር፣ ደረሰኝ ማሳተም፣ በየሦስት ወሩ በዕድር ወይም በሰንበቴ ፊት ገቢና ወጪው እንዲነበብ ማድረግ ነው። እኛ ዕድርን ለዘመናት ያለ ኦዲተር አስተዳድረናል። ለቀብር የሚያዋጣ ሕዝብ ለውሃም ያዋጣል፤ ገንዘቡ የት እንደገባ በጆሮው ሲሰማ።

ስለ ዘመቻ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል፤ እናንተ ወጣቶች የምትወዱት እሱን ነውና። በጣና ሐይቅ ላይ እንቦጭ የሚባለው አረም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሲስፋፋ ገበሬውና ወጣቱ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ከጎንደርና ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር እየመጡ ተሰለፉ። ያየሁት ፍቅር ዛሬም ልቤን ይነካዋል። አረሙ ግን ተመልሶ መጣ። እንቦጭ በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ ምግቡ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። ያ ምግብ እየገባ፣ ያ ዘር ተኝቶ እያለ፣ የአንድ ወር ዘመቻ አይበቃም። በየዓመቱ ዳርቻውን የሚጠብቅ፣ የተነቀለው ተመልሶ ወደ ውሃው እንዳይገባ የሚያርቅ፣ ላይኛው ተፋሰስ ላይ አፈር እንዳይታጠብ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ለዘመቻ የመጣው ወጣት አንድ አሥረኛው እንኳ እንዲህ ቢቆይ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የሚቆይ ወጣት ምን እንደሚሠራ ለማየት ወደ ቦረና ሂጂ። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ብዙ መቶ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ቆመው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ፣ በዜማ እየተቀባበሉ ከብቱን ያጠጣሉ። እንግዳ የሚያየው ዜማውን ነው። እኔ የተደነቅሁት በሥርዓቱ ነው። የጉድጓዱ ኃላፊ አባ ኮንፊ አለ፤ የዕለቱን ተራ የሚያስተዳድር አባ ሄሬጋ አለ። የማን ከብት በስንተኛው ቀን እንደሚጠጣ፣ ከማን በኋላ ማን እንደሚገባ የታወቀ ነው። ደለል ሲሞላ ማን እንደሚጠርግ፣ አጥር ሲፈርስ ማን እንደሚያጥር አይጠየቅም። ጉልበት ያላዋጣ ወጣት ከብቱን ይዞ ሲመጣ የሚደርስበትን ያውቃል። ያለ ሲሚንቶና ያለ ሞተር ይህን ያህል ዘመን የኖሩት በዚህ ነው፤ እኛ በብዙ ብር የሠራናቸው ግን ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ሳይገባ ይቆማሉ።

ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ እንጀራው ለማድረግ የሚፈልግ ካለ አበረታቱት። አርባ ምንጭ ላይ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ማብቂያ የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ብዙ የአገራችን የውሃ መሐንዲሶች ከዚያ ወጥተዋል። ሁሉም ግን መሐንዲስ መሆን የለበትም። እጅግ የሚያስፈልጉን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የጨረሱ፣ በሞተር ሳይክል መለዋወጫ ጭነው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩ፣ ፓምፕ የሚጠግኑ ልጆች ናቸው። አምስት ወጣት ተደራጅቶ ከኮሚቴዎቹ ጋር ውል ይዞ በዓመት ሁለት ጊዜ እየፈተሸ ቢያስከፍል፣ ለእነሱ ሥራ ነው፣ ለሕዝቡ ዕረፍት። ከሰበሰባችሁት ገንዘብ ላይ ለእንዲህ ያለ ቡድን መሣሪያና የመጀመሪያ ዕቃ መግዣ ብታስቀሩ፣ ስማችሁ ከተቀረጸበት ጉድጓድ የበለጠ ውሃ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ቃል የገቡት የውጭ አገር ዘመዶችም ይህን በግልጽ ይነገራቸው። ፎቶ የሚያምርበት ሥራ አይደለም፤ ግን የሰጡት ገንዘብ የት እንደገባ በየዓመቱ ሪፖርት ታደርጉላቸዋላችሁ።

እስከዚያው፣ ለፋሲካ አገር ቤት መግባትሽ አይቀርም፤ ወሩም ለመለካት ይመቻል። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ቀደም ብላችሁ ሂዱ። በጎጡ ያለውን ውሃ ሁሉ፣ የሚሠራውንም የቆመውንም፣ በደብተር መዝግቡ፤ መቼ እንደተሠራ፣ መቼ እንደቆመ፣ በስንት ሰከንድ ጀሪካን እንደሚሞላ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ። ሴቶቹ ያሉሽንም በራሳቸው አነጋገር ጻፊ። ከዚያ ደብተሩን ይዘሽ ወደ እኔ ነዪ። ከወረዳው ባለሙያዎች ጋር አስተዋውቅሻለሁ፤ የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደሚጎለብት፣ መቆፈር ካለበትም የት እንደሚቆፈር ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን እናያለን።

አጎትሽ